የመቃብር ስሞች፦ ከኤፍሮን እርሻ እስከ “መኝታ ቤት”

አብርሃም በከነዓን ምድር በገንዘቡ ገዝቶ የራሱ ያደረገው መሬት መቃብር ነበር። ምድሪቱ በሙሉ ለዘሩ እንደምትሰጥ እግዚአብሔር ነግሮታል፤ ሣራ ስትሞት ግን የሚቀብርባት ስንዝር መሬት አልነበረውም። ዘፍጥረት 23ን ረጋ ብሎ ያነበበ ሰው፣ ሽማግሌው በኬጢ ልጆች ፊት ጎንበስ ብሎ ሲለምን፣ ኤፍሮንም እንደ ቸር ሰው “ልስጥህ” እያለ በመሐል ዋጋውን ጣል ሲያደርግ ያያል። ገበያ የለመደ ሰው ይህችን ዘዴ አይስታትም። አብርሃም አልተከራከረም። 400 ሰቅል ብር በምስክሮች ፊት መዝኖ ከፈለና ሣራን በመክፈላ ዋሻ ቀበራት።

አባቶቻችን “አጽመ ርስት” የሚል ቃል አላቸው። የአያት የቅድመ አያት አጥንት ያረፈበት፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወርስ መሬት ማለት ነው። የአብርሃም ነገር ግን የዚህ ግልባጭ ነው። በዚያ አገር የአባቶቹ አጥንት የለም፤ ያልተቀበለውን ርስት የጀመረው የሚስቱን አጥንት በማኖር ነው። ዮሴፍም በግብፅ ሲሞት አጥንቱን ይዘው እንዲወጡ ወንድሞቹን አስማለ፤ በመጨረሻ በሴኬም እንደ ተቀበረ ኢያሱ 24፥32 ይነግረናል።

“መቃብር” የምንለው ቃል ራሱ ከዕብራይስጡ “ቄቬር” ጋር የአንድ ሥር ልጅ ነው። ቀ፣ በ፣ ረ፦ መቅበር። ቃሉ ሥራውን ብቻ ይናገራል፤ ስለ ሟቹ ተስፋ ምንም አይልም። ከዚህ ሌላ በብሉይ ኪዳን “የድንጋይ ክምር” አለ፤ ይህ ደግሞ የውርደት መቃብር ነው። አካን በአኮር ሸለቆ፣ የጋይ ንጉሥም በከተማው በር፣ በላያቸው ታላቅ የድንጋይ ክምር ተከመረባቸው። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የአቤሴሎም ነው። በ2ኛ ሳሙኤል 18 ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ቆመዋል፦ በአንደኛው ሬሳው በዱር ጉድጓድ ተጥሎ ድንጋይ ይከመርበታል፤ በሚቀጥለው ደግሞ ስሙን የሚያስጠራ ልጅ የለኝም ብሎ በሕይወቱ ሳለ በንጉሥ ሸለቆ ለራሱ ሐውልት ማቆሙ ይነገራል። ሐውልቱ አንድ ቦታ፣ ሰውየው ሌላ ቦታ።

ሐውልትስ እኛም እናውቃለን። አክሱም ላይ የወደቀው ትልቁ 33 ሜትር ያህል ርዝመት፣ ከ500 ቶን የማያንስ ክብደት እንዳለው ይገመታል፤ ከሥሩም የመቃብር ክፍሎች አሉ። ነገር ግን በእነዚያ ታላላቅ ድንጋዮች ላይ ያሠራቸው ንጉሥ ስም አልተጻፈም። የሐዲስ ኪዳን ግሪክኛም የአልዓዛርንና የጌታን መቃብር የሚጠራው “ምኔሜዮን” እያለ ነው፤ መታሰቢያ ማለት ነው። ሰው ለሞተ ወዳጁ ከመታሰቢያ በላይ ምን ሊያደርግለት ይችላል?

የጥንት ክርስቲያኖች ግን ሌላ ስም አወጡ። “ኪሜቴሪዮን” በግሪክኛ መኝታ ቤት፣ ሰው የሚተኛበት ክፍል ነው። ቃሉን ከየት እንዳገኙት መገመት አይከብድም፤ ጌታ አልዓዛር ተኝቷል ብሎ ነበር፣ እስጢፋኖስም በድንጋይ እየተወገረ አንቀላፋ ተብሎ ተጽፏል፣ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ስላንቀላፉት ጽፎላቸዋል። በሦስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሮም ጳጳስ ዘፍሪኖስ ካሊስጦስ የተባለውን አገልጋይ በዚህ “መኝታ ቤት” ላይ ኃላፊ አድርጎ ሾመው። ዛሬ እንግሊዝኛው “ሴመተሪ” የሚለው ይህንኑ ቃል ነው፤ የሚጠሩት ሰዎች ግን አብዛኞቹ መኝታ ቤት እያሉ መሆናቸውን አያውቁትም።

ስሙ በዋዛ የተያዘ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ257 ንጉሠ ነገሥቱ ቫሌሪያን ክርስቲያኖች እንዳይሰበሰቡ፣ ወደ መቃብራቸውም እንዳይገቡ ከለከለ። የእስክንድርያው ጳጳስ ዲዮናስዮስ ከገዥው ፊት ቀርቦ የተነገረውን ጽፎ አቆይቶልናል፤ ገዥው ቦታዎቹን የጠራቸው “መኝታ ቤት የሚባሉት” ብሎ ነው። “የሚባሉት” የምትለዋን ልብ በሉ። ለእርሱ ሬሳ የሚጣልበት ጉድጓድ ነው፤ እነርሱ ግን እንዲህ ይሉታል። በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ወር የሮሙ ጳጳስ ሲክስጦስ ክልከላውን ተላልፎ በዚያው በመቃብሩ ስፍራ ሲያስተምር ተይዞ ተገደለ። ቫሌሪያን በፋርሶች ከተማረከ በኋላ ልጁ ጋሊዬኖስ መቃብሮቹን ለአማኞች መለሰ።

በሮም ዋሻ መቃብሮች ግድግዳ ላይ አንድ ሌላ ቃል ደጋግሞ ተጽፏል፦ “ዴፖዚቱስ”። በላቲን የተቀመጠ፣ በአደራ የተሰጠ ማለት ነው። አማርኛችን ለዚህ ከላቲኑ የተሻለ ቃል አለው፤ አደራ። አደራ የሰጠ ሰው ንብረቱን አልጣለም፣ አልሸጠም፤ ተመልሶ ይወስደዋል። 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥12ን በዚህ ዓይን አንብቡት።

ወደ ቤታችን ስንመጣ፣ የመጀመሪያዎቹ ወንጌል አማኞች በብዙ ቦታ የኤፍሮንን ደጅ የጠኑ ሰዎች ነበሩ። የደብሩ ግቢ ለደብሩ ምእመናን ነው ተብሎ ይከለከላሉ፤ እድሩም ስማቸውን የሚሰርዝበት ጊዜ ነበር። ሬሳ ቤት ውስጥ ተኝቶ ሳለ ቤተሰቡ የመቃብር ቦታ ፍለጋ ከቀበሌ ቀበሌ ይንከራተታል፤ አንዳንዱም በገዛ ማሳው ዳር ይቀብራል። ልጆቻቸው ዛሬ በብዙ ከተሞች የተከለለ የመቃብር ስፍራ አላቸው። በር ላይ “መካነ መቃብር” የሚል ጽሑፍ ይነበባል፤ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ድንጋዮቹን ያነበበ ግን በየመስመሩ ያንኑ አሮጌ ቃል ያገኘዋል፦ በጌታ አንቀላፋ፣ በጌታ አንቀላፋች።