ከመንቆረር እስከ አማኑኤል

እንግዲህ ስሙኝ ወገኖቼ፣ ቀረብ ቀረብ በሉ። ዛሬ ደብረ ማርቆስ የምንላት ከተማ መንቆረር ትባል በነበረበት ዘመን፣ እንደ ሌላው አገራችን ሁሉ፣ ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ይቋጠርና ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ዋስ የጠራ ይፈታል፣ ዋስ ያጣ ከባላጋራው ጋር አብሮ ያድራል፣ አብሮ ይነሣል። የቁራኛን ክፋት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም የታሰረው ሰው ቢያመው፣ ሌሊት ቢቃዥ፣ ብቻውን ቢያወራ፣ የሚያየው ሰው ከጎኑ ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ዘመናችን እንምጣና አንድ ልጅ አስቡልኝ፤ ስም አልሰጠውም፣ እንዲህ ያለ ልጅ በየቀበሌው አለና። በሐምሌ፣ የጮቄ ተራራ ከነአናቱ ጭጋግ በለበሰ ጊዜ፣ እንቅልፍ አጥቶ ሰንብቶ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ እየሰማ፣ ጎረቤቱን በዱላ መታና ፖሊስ ወሰደው እንበል። ከዚያም፣ መንገዱ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ችሎት ቀረበ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ19ኛው አንቀጽ እንዲያ ያዝዛልና። ከዚያም እናቱ ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣችና «ጌታዬ፣ ልጄ ታሞ ነው» አለች።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ክሱ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የማያስከትል ከሆነና ተጎጂው ይሞታል ተብሎ ካልተፈራ፣ በ63ኛው አንቀጽ ዋስትናን ይፈቅዳል። 67ኛው አንቀጽ ደግሞ ግዴታውን የማይፈጽም ወይም ሌላ ወንጀል የሚሠራ ከመሰለ ይከልከል ይላል፤ ያን ጊዜ ሕመሙ ራሱ መከልከያ ሆኖ ይመጣበታል። ቀጠሮ ይረሳል፣ ነገ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም ይባላል። አንጀቴን የሚበላኝ ይህ ነው፤ ልጁን ለሰው አስጊ የሚያደርገው ሳይታከም መቆየቱ ሆኖ ሳለ፣ ሕክምና ከሚርቅበት ክፍል መልሶ መክተት።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በ51ኛው አንቀጽ፣ ተከሳሹ የአእምሮ መታወክ ምልክት ካሳየ የባለሙያ ማስረጃ የግድ ይቅረብ ይላል። እናም ለአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ደብዳቤ ተጻፈ፣ ከዚያም ቀጠሮ ተጠበቀ፣ ከዚያም አንድ ማለዳ ልጁ ከፖሊሱ ጋር በአንድ ካቴና ተያይዞ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሉማሜን አለፉ፣ የትኖራን አለፉ፣ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሲወርዱ ብርዱ ቀረና ሙቀቱ ተቀበላቸው። ልጁ ጋቢውን ማውለቅ ፈለገ፣ በአንድ እጅ ግን አልሆነለትም፤ ፖሊሱ አየውና፣ ምንም ሳይናገር፣ የተያያዘውን እጁን ከፍ አድርጎ ጋቢውን ከትከሻው ገፈፈለት፣ አጥፎም ጭኑ ላይ አኖረለት። ከዚያም ድልድዩን ተሻገሩ፣ ጎሐ ጽዮን ወጡ፣ ጫንጮንና ሱሉልታን አልፈው ከእንጦጦ ወረዱ፤ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ «ሲመታ አውቆ ነበር ወይ?» ለምትል አንዲት ጥያቄ።

ኃላፊነት የለበትም ከተባለ በዚያው የወንጀል ሕግ 48ኛ አንቀጽ አይቀጣም፤ ፍርድ ቤቱ በተቋም እንዲቆይ ወይም እንዲታከም ያዝዛል፣ ውሳኔውንም በየሁለት ዓመቱ ያየዋል። ይህ መልካም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው፤ ደብዳቤው ሲጻፍ፣ ቀጠሮው ሲጠበቅ፣ ልጁ ከማያውቃቸው ሰዎች መካከል ግድግዳ እያየ የሚያድርበት ሌሊት። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታልም እኮ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። የአማኑኤሉ ምርመራ እስኪደርስ ሕክምናው እዚሁ ይጀመርለት። ዳኛውም ዋስ ሲጠሩ ስለ ገንዘቡ ብቻ አይጠይቁ፤ «ኪኒኑን ማን ይሰጠዋል? ለክትትል ማን ይወስደዋል?» ይበሉና መልሱን ከዋስትናው ወረቀት ላይ ያስፍሩት። እናት አለች፣ አጎት አለ፣ የንስሐ አባት አለ፣ ዕድርተኛ አለ፤ ከችሎቱ ደጅ ቆመው የሚጠራቸውን ይጠብቃሉ።