ከወገብ ወደ ጉልበት፦ የነርቭ ማደንዘዣ መርፌ ጉዞ

የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ ከአጥንት ቀዶ ሕክምናዎች መካከል ሕመሙ ከሚበረታባቸው አንዱ ነው። ሐኪሙ የተበላውን የአጥንት ጫፍ ቆርጦ በብረትና በፕላስቲክ ይተካዋል። ታካሚው ግን ቁስሉ ሳይደርቅ፣ በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ፣ እግሩን ማጠፍና መቆም ይጠበቅበታል። ተኝቶ ከቆየ ጉልበቱ ይደርቃል፤ በእግሩ የደም ሥር ውስጥም ደም ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ ሕመሙ መብረድ አለበት፣ ጡንቻው ደግሞ መዛል የለበትም። ሁለቱን ማስታረቅ ረጅም ዘመን ወስዷል።

ጉልበትን ማጠፍ ለምን እንደሚያስፈልግ እንደ አዲስ አበባው ጎፋ ባለ ሰፈር በየዕለቱ ኑሮ ይታያል። የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎቹ በአብዛኛው ሊፍት የላቸውም። ደረጃ ለመውጣትና ለመውረድ ጉልበት እስከ 90 ዲግሪ ገደማ መታጠፍ አለበት፤ ቡና ከሚፈላበት በርጩማ ለመነሳት ከዚያም ይበልጣል። በጎፋ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያንም ሆነ በመስጊድ ተንበርክኮ ለመስገድ የሚያስፈልገው ከሁሉም ይልቃል፤ በተቀየረ ጉልበትም ብዙውን ጊዜ አይገኝም።

በ1888 ዓ.ም. ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች በአዲስ አበባ ቁስለኞችን ሲያክሙ፣ በዓለም ዙሪያ የቀዶ ሕክምና ዋና ማደንዘዣ ኤተርና ክሎሮፎርም ነበር። ታካሚው ከሰመመኑ ሲነቃ ሕመሙም አብሮት ይነቃል። ያም ሆኖ ሌላ መንገድ ተከፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ካርል ኮለር የተባለ የቪየና ሐኪም ዓይንን በኮኬይን አደነዘዘ። ብዙም ሳይቆይ ኒውዮርክ ላይ ዊልያም ሃልስቴድ መድኃኒቱን ነርቭ አጠገብ በመውጋት፣ ሰውን ሳያስተኙ አንድን የአካል ክፍል ማደንዘዝ እንደሚቻል አሳየ። በራሱ ላይ ሲሞክር ግን የኮኬይን ሱሰኛ ሆነ። በ1898 ጀርመናዊው አውጉስት ቢር ከወገብ በታች የሚያደነዝዘውን የጀርባ መርፌ አስተዋወቀ።

ኮኬይንን የሚተኩ መድኃኒቶችም ተከታትለው መጡ። ጀርመን ፕሮኬይንን፣ ስዊድን ደግሞ በ1943 ሊዶኬይንን፣ በ1957 ቡፒቫኬይንን አስገኙ። ቡፒቫኬይን ለረጅም ሰዓት ስለሚሠራ ለቀዶ ማግስት ሕመም ተመራጭ ሆነ። በኢትዮጵያም ለጀርባ መርፌ፣ በተለይ በቀዶ ለሚወልዱ እናቶች፣ ይውላል።

የጀርባ መርፌ ቀዶውን ያሳልፋል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ይለቃል። ስለዚህ መርፌው ወደ እግር ወረደ። በ1973 አሎን ዊኒ ብሽሽት ላይ የጭን ነርቭን የማደንዘዝ ዘዴ አሳተመ። በ1990ዎቹ የቪየና ሐኪሞች ነርቩን በአልትራሳውንድ እያዩ መውጋት ጀመሩ። የጭን ነርቭ ሲደነዝዝ ሕመሙ በደንብ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጉልበትን የሚዘረጋው የፊት ጭን ጡንቻ አብሮ ይዝላል። ታካሚው ሊቆም ሲል ሊወድቅ ይችላል።

መፍትሔው ይበልጥ ወደ ጉልበት መቅረብ ሆነ። በውስጠኛው ጭን አጋማሽ፣ በጡንቻዎች መካከል ባለው አዳክተር ካናል በተባለ ቦይ ውስጥ የሚያልፉት ነርቮች በአብዛኛው ስሜት የሚያደርሱ ናቸው። በ2013 በዴንማርክ በጤነኛ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ብሽሽት ላይ ሲወጋ የጡንቻው ኃይል በ49 በመቶ፣ ቦዩ ውስጥ ሲወጋ ግን በ8 በመቶ ብቻ እንደቀነሰ አሳየ። ይህ መርፌ የጉልበቱን ጀርባ ስለማይሸፍን፣ ከመገጣጠሚያው ኋላ የሚሰጥ ሌላ መርፌ ወይም ቀዶ ሐኪሙ ራሱ በቁስሉ ዙሪያ የሚወጋው ማደንዘዣ ይታከልበታል።

በኢትዮጵያ የሚተከለው መገጣጠሚያ ከውጭ ስለሚገባ የጉልበት ቅየራ ውድ ነው። ማደንዘዣ የሚሰጡት በብዛት በአዲስ አበባ፣ በጎንደር፣ በጅማና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የሠለጠኑ አኔስቴዢስቶች ናቸው። ለነርቭ መርፌ ከእነርሱ ሙያ ሌላ አልትራሳውንድና በቂ መድኃኒት ያስፈልጋል።

አንድ ጊዜ የተወጋ መርፌ በአብዛኛው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይሠራል፤ ነርቩ አጠገብ ቀጭን ቱቦ ከተተወ ግን ለቀናት ሊቀጥል ይችላል። መድኃኒቱ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ልብንና አእምሮን ስለሚያውክ፣ የሚሰጠው የልብ ምትና የኦክስጅን መጠን እየታየ ነው። የነርቭ ጉዳት ብዙም አያጋጥም። መርፌው ሲለቅ ሕመሙ በድንገት እንዳይመለስ፣ የሚዋጠው ማስታገሻ ቀደም ብሎ ይጀመራል።