የከንቲባ ሥልጣን ከየት ይመነጫል?



የዛሬው ንግግሬ የአንዲት የሕግ ባለሙያን የከተማ አስተዳደር ጉዞ መነሻ አድርጎ፣ በሚዛን አማንና በቴፒ ለምንኖር ሰዎች የቀረበ ጥያቄ ያነሣል፤ ከንቲባ ተጠሪነቱ ለማን ነው?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 አዲስ አበባንና ጎንደርን በማዘጋጃ ቤት ደረጃ ሲያቋቁም፣ ከንቲቦቻቸው የሚሾሙት በንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 ለአዲስ አበባ ራስን በራስ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ሰጠ፤ የ1995ቱ ቻርተርም ከንቲባው በምክር ቤቱ እንዲመረጥ ደነገገ።

ወይዘሮ አዳነች አቤቤ በሕግ የሠለጠኑ ናቸው። የአዳማ ከንቲባ፣ ከዚያም የገቢዎች ሚኒስትርና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነው አገልግለዋል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. በምክትል ከንቲባነት ማዕረግ አዲስ አበባን መምራት ጀመሩ። ይህ የተቻለው በ2010 ዓ.ም. ቻርተሩ ተሻሽሎ ምክትል ከንቲባ ከምክር ቤቱ ውጭ እንዲሾም በመፈቀዱ ነው። ምክር ቤቱ ራሱ በ2005 ዓ.ም. ተመርጦ፣ የሥራ ዘመኑ በሕግ የተራዘመ ነበር። መስከረም 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ግን ከሦስት ወር በፊት የተመረጠው አዲስ ምክር ቤት ከንቲባ አድርጎ ሰየማቸው፤ በከተማይቱ ታሪክም የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሆኑ።

ሰውዬዋ አንድ ናቸው፤ ወንበሩም አንድ ነው። ሁለቱም ሹመቶች ሕጋዊ ነበሩ። ልዩነቱ በመራጩ ድምፅ ቅርበት ላይ ነው።

ወደ እኛ አካባቢ እንመለስ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ ሚዛን አማንና ቴፒ ከቦንጋና ከተርጫ ጋር የክልሉ መቀመጫዎች ሆኑ። ከተሞቻችን በማዕረግ አደጉ። ነገር ግን በአገር አቀፍ ደረጃ የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነበር፤ የ2010ሩ ተላልፏል። በ2013ቱ ምርጫ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ምክር ቤቶች ተካተቱ እንጂ፣ እንደ እኛ ያሉ ከተሞች ምክር ቤቶች አልተካተቱም።

የሕግ ምሩቆቻችን ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲገቡ የሊዝ ውልም ሆነ የቡና ነጋዴ አቤቱታ በእጃቸው ያልፋል። ዕውቀታቸው ውሳኔውን ሕጋዊ ያደርገዋል። ስለ ውሳኔው በነዋሪው ስም የሚጠይቃቸው ግን በቅርብ የተመረጠ ምክር ቤት ነው። በእኔ እምነት፣ የክልሉ መቀመጫ መሆን የሚሟላው ያ ምክር ቤት ሲኖረን ነው።