የጣና ደንገል በውቅያኖስ ላይ

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ጎንደሬዎች ታላቁን ባህር የምናየው እንዲያ ነው። ከባህር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ከተማ ተቀምጦ ስለ ጀልባ እሽቅድምድም ማውራት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅንጦት ይመስላል። «ደሞ ይሄ ምን አገባን?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እስቲ ያገባን እንደሆነ አብረን እንመርምር።

በ1960 ዓ.ም. ሰንደይ ታይምስ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ፣ ብቻውን ሆኖ በሸራ ጀልባ የትም ወደብ ሳያርፍ ዓለምን ለሚዞር ሰው ሽልማት አቆመ። ዘጠኝ ሰዎች ተነሡ። ሁሉም የባህር ሰዎች እንዳይመስሉን! ቼይ ብላይዝ ወታደር ነበረ፤ ሸራ መያዝ እንኳ በቅጡ ሳያውቅ ነው ጉዞ የጀመረው። ዶናልድ ክሮኸርስት ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እየሠራ የሚነግድ፣ በዕረፍት ቀኑ ጀልባ የሚነዳ ሰው ነበር። ከዘጠኙ ጉዞውን የፈጸመው አንድ ብቻ ሆነ። እሱም ሮቢን ኖክስ ጆንስተን የተባለ የንግድ መርከብ መኮንን ሲሆን፣ ሰኔ 7 ቀን 1960 ተነሥቶ ከ312 ቀን በኋላ ሚያዝያ 14 ቀን 1961 ዓ.ም. ተመለሰ። ፈረንሳዊው በርናር ሟቴሲዬ ለማሸነፍ ተቃርቦ ሳለ «ሽልማታችሁን ለራሳችሁ» ያለ ያህል ፊቱን ወደ ታሂቲ አዞረ። ክሮኸርስት ግን ያልደረሰበትን ቦታ ደረስኩ እያለ በሬዲዮ ሲያስነግር ቆይቶ፣ በመጨረሻ ጀልባው ባዶዋን ስትንሳፈፍ ተገኘች። አሸናፊው ያገኘውን 5000 ፓውንድ ለሟቹ ቤተሰብ ሰጠ።

እንግዲህ የጋዜጣ አንባቢው ሁሉ ይህን እሽቅድምድም ሲከታተል፣ በዚያው ጊዜ እኛ አገር፣ ጣና ዳር፣ ደንገል ይታጨድ ነበር።

አሳጫጁ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ነው። የጥንት ግብፃውያን በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለመሻገር ይችሉ ነበር ወይ የሚል ጥያቄ ይዞ ተነሣ። ብዙ ሊቃውንት «ደንገል ጨው ውሃ ውስጥ ጥቂት ሳምንት አይቆይም» ብለው ፈረዱ። ሄየርዳል ጣና ድረስ መጥቶ ታንኳዎቻችንን አየ። ደንገሉም ከደጋው ወርዶ በቀይ ባህር በኩል ግብፅ ገባ። እዚያም በፒራሚዶቹ አጠገብ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ጀልባ ሠሪዎች «ራ» የተባለችውን ጀልባ ሠሩ።

መንገደኞቹ ከሰባት አገር የተውጣጡ ሰባት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ተራራ ወጪ፣ አንዱ የሰው ዘር ተመራማሪ፣ አንዱ ከቻድ የመጣ አናጢ። የባህር መንገድ የመምራት ሙያ የነበረው አሜሪካዊው ኖርማን ቤከር ብቻ ነው። ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ፣ ከሳፊ ወደብ ተነሡ። ስምንት ሳምንት ያህል ተጉዘው፣ ሐምሌ 11 ቀን፣ ባርባዶስ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራቸው፣ የተሰባበረችውን ጀልባ ትተው ወጡ።

ታዲያ ምን ጎደለ? ደንገሉ አልከዳም። ጥፋቱ የገመድ ነበር። በጥንቱ የግብፅ ሥዕል ላይ ወደ ላይ የተቆለመመውን የኋላ ጫፍ ከጀልባዋ ወለል ጋር የሚያያይዝ ገመድ ይታያል። እነ ሄየርዳል ጫፉ እንዳይዘቀዝቅ ለጊዜው የታሰረ እንጂ ሌላ ሥራ ያለው አልመሰላቸውም፤ ተዉት። ኋላው በውሃ ተጭኖ ሰመጠ። ከሺህ ዓመታት በፊት አንድ ስሙ ያልታወቀ ጀልባ ሠሪ የሚያውቀውን ነገር፣ በዘመናችን የተማረው ሰው ሳያውቅ ቀረ ማለት ነው።

በዓመቱ እንደገና ተሞከረ። አሁንም ደንገሉ ከኢትዮጵያ፣ ሠሪዎቹ ግን ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች ነበሩ። «ራ 2» ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን ሐምሌ 5 ቀን ባርባዶስ ገባች። ይህች ጀልባ ዛሬ ኦስሎ ሙዚየም ውስጥ ትገኛለች። እዚህ ላይ ግን የታሪክ ተማሪ መጠንቀቅ አለበት። ጉዞው ያስረዳው መሻገር እንደሚቻል ነው እንጂ ግብፃውያን ተሻግረዋል ማለት አይደለም። መቻልና መሆን ለየቅል ናቸው።

ወደ እኛው ጉዳይ እንምጣ። ለመሆኑ በጣና ላይ ደንገል አስሮ የኖረው ማን ነው? በታንኳ ሥራ ስሙ የታወቀው ወይጦ ነው። የጉማሬ ሥጋ ይበላል ተብሎ የተናቀ፣ ማዕድ እንዳይጋራ የተደረገ ሕዝብ! ስንቱ እህል፣ ስንቱ እንጨት፣ ስንቱ የደሴት ገዳም መነኩሴ በታንኳ ተሻገረ። ታንኳው ተሻጋሪውን ከዳር አደረሰው፤ ሠሪው ግን ከደጅ ቀረ።

ነገሥታቱም ቢሆኑ የደንገልን ጥቅም አላጡትም። አፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. ቆራጣ ሳሉ ከደንገል ትልልቅ ጀልባ አሠርተው፣ እንደ እንፋሎት መርከብ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር እንዳስገጠሙበት፣ የእንግሊዝ መልእክተኞች ሐኪም የነበረው ሄንሪ ብላንክ ጽፏል። ፈረንጁ በነገሩ ሳቅ ብሏል። እኔ ግን የሚያስቅ ነገር አይታየኝም። ንጉሡ ባህር አልነበራቸውም፤ ያላቸው ሐይቅ፣ ደንገልና የደንገል አዋቂ ነበር። ባላቸው ጀመሩ።

የጎንደር ባላገር ጣናን «ባህር» እንጂ «ሐይቅ» ብሎ አይጠራውም። እኛ የተማርነው «ተሳስቷል» ብለን እናርመዋለን። የዚያ ባህር ደንገል አትላንቲክን ሲሻገር ግን ማን እንደተሳሳተ ማሰብ ነበረብን። እስካሁን በታሪክ ክፍል ውስጥ ስለ ፋሲል ግንብ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ስለ ታንኳ ሠሪ አንድ ሰዓት የተነገረኝ ግን ትዝ አይለኝም። ግንቡ ድንጋይ ስለሆነ ይጠብቀናል። ታንኳ ግን ከወራት በላይ አይኖርም፤ የሚኖረው በየጊዜው እንደገና የሚያስረው እጅ ሲኖር ነው። አሁን ደንገሉ በእርሻ እየተገፋ ነው፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህም እምቦጭ የተባለው አረም ውሃውን ወሮታል። የሚያስረውም እጅ እያረጀ ነው።

እንግዲህ ጎንደር ያለን ተማሪዎች ለባህር ሩቅ ነን ብለን ማመካኘት አንችልም። ጎርጎራ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም። ደብተርና እርሳስ ይዘን እንሂድ። ከታንኳ ሠሪው እግር ሥር ተቀምጠን «አባባ፣ ይህ ገመድ ለምንድነው?» ብለን እንጠይቅ። «ራ» የተሰበረችው ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ስለጠፋ ነው።