«ያልተተኮሰበት» ጠመንጃ፦ የታጁራ መሥመር ንግድና የሽያጭ ፊቅህ

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ከታጁራ፣ ከኦቦክና ከዘይላ ወደ ሸዋ ይገባ ከነበረው ጠመንጃ አብዛኛው በአውሮፓ ጊዜ ያለፈበት ነበር። ፈረንሳይ በ1874 (እ.ኤ.አ.) የተቀበለችውንና በአገራችን «ውጅግራ» የተሰኘውን ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ በ1886 በሌበል ስትተካው፣ አሮጌው መሣሪያ ወደ ቀይ ባሕር ገበያ ጎረፈ። ገጣሚው አርቱር ራምቦ በዚያው ዓመት ከታጁራ ጭኖ የተነሣው ደግሞ ከዚህም የቀደመ፣ በካፕሱል የሚተኮስ ጠመንጃ ነበር። ሲራራው የሚያልፈው በአፋር ሙስሊሞች ምድር ነው፤ በ1885 የሞቱት የዘይላው አቡበክር ኢብራሂም ፓሻም በዚህ ንግድ ላይ ብርቱ ሥልጣን ነበራቸው።

በእንዲህ ያለ ገበያ «ተተኩሶበታልን?» የሚለው ጥያቄ የዋጋ ጥያቄ ነው። ጥቁር ባሩድ የሚተወው ዝቃጭ እርጥበት ይስባል፤ በውኃ ታጥቦ ካልደረቀ የአፈሙዙን ውስጥ በዝገት ይበሳሳዋል። ካፕሱል የሚቀመጥበት ጫፍ በእሳት ይሰፋል፤ የውስጡ ጠምዛዛ ቦዮችም ጠርዛቸው ይደበዝዛል። ነገር ግን በሚገባ የተጠረገ ጠመንጃ ብዙ ተተኩሶበት ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ የባሕር አየር የመታው ደግሞ ሳይተኮስበት ይዝጋል። በዚህም ላይ የጦር መሣሪያ ከፋብሪካ ሳይወጣ በጥይት ስለሚፈተን፣ «ፈጽሞ ያልተተኮሰበት» ማለት በጥብቅ ትርጉሙ እምብዛም እውነት አይሆንም።

በአፋርና በሐረር የጸናው የሻፊዒይ መዝሀብ ጥያቄውን በሌላ መልክ ያስቀምጠዋል። ኢማም አን-ነወዊ (ሞ. 676 ሂጅራ) በ«ሚንሃጅ አጥ-ጧሊቢን» እንደደነገጉት፣ ነውር ማለት የዕቃውን ዋጋ የሚቀንስ ወይም ትክክለኛ ዓላማውን የሚያሳጣ፣ በዓይነቱም ዘንድ ያልተለመደ ጉድለት ነው። ስለዚህ አሮጌ ሆኖ በተሸጠ ጠመንጃ መተኮስ ብቻውን ነውር አይደለም፤ የተበሳሳ አፈሙዝ ግን ነው። ሻጩ «አዲስ ነው» ብሎ በውል ከሸጠውና ሐሰት ከሆነ፣ ገዥው የመመለስ መብት አለው። ጉድለቱ ከሽያጩ በፊት ነበረ ወይስ በኋላ መጣ በሚል ሲከራከሩና ምልክቱ ሳይፈርድ ሲቀር፣ የሻጩ ቃል በመሐላ ይጸናል።

ይህ ሥርዓት የብረት ምስክርነት ወሰን እንዳለው ያውቃል፤ ብረቱ ዝም ሲል ሰው በአላህ ፊት ተጠያቂ ሆኖ ይናገራል። ዛሬ ከአያት የወረደን ውጅግራ «በዓድዋ ተተኩሶበታል» ተብሎ ሲቀርብለት፣ ታሪክ ጸሐፊው የሚምል ሻጭ የለውም። በአፈሙዙ ውስጥ ያለው ዝገት መሣሪያው መተኮሱን ሊጠቁም ይችላል፤ የትና በማን እጅ እንደሆነ ግን አይናገርም። ያንን የሚያጸና የሰነድ ወይም የቃል ሰንሰለት እስኪገኝ ድረስ፣ የቤተሰቡን ትውፊት በትውፊትነቱ፣ የብረቱንም ምልክት በምልክትነቱ ለይቶ መመዝገብ አማናን መጠበቅ ነው።