ሚጣ የተባለችው ልጅ

ከወልድያ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚወስደውን አስፋልት የያዘ ሰው መርሳ ሲደርስ የቆላው ሙቀት ይቀበለዋል፣ ከመንገዱ ዳርም ማንጎና ፓፓያ የደረደሩ ልጆች ይጠሩታል፣ ከዚያም አስፋልቱን ትቶ ወደ ሐብሩ ገጠር ሲዘልቅ በማሽላው መሃል አልፎ ጤና ኬላ ይደርሳል። እዚያ የክትባት መዝገብ አለ። ወሬዬ ስለ እሱ ነው፤ ለመጀመር ግን ከሕፃናት ተቅማጥ ልነሳ።

ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው «ጥርስ እያበቀለ ነው» ይባላል፤ ከዚያ ዓይኑ ይሰረጉዳል፣ እርግብግቢቱ ይጎደጉዳል፣ እናትም አዝላው ስትሮጥ ይመሽባታል። ጥፋተኛው ግን ጥርስ አይደለም፤ ከዋናዎቹ ጥፋተኞች አንዱ እነ ሩት ቢሾፕ በ1973 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ያገኙት ሮታ ቫይረስ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ ወደ 453,000 የሚጠጉ ሕፃናትን እንደገደለ ተገምቷል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የአምስት አገር ልጆች ነበሩ፣ አንዷም የእኛዪቱ ናት።

የሮታ ክትባት አገራችን የገባው በ2006 ዓ.ም. ነው። መርፌ የለውም፤ በ45 ቀን አንዴ፣ በሁለት ወር ተኩል ሌላ ጊዜ፣ በአፍ ጠብ ይደረጋል፣ ሕፃኑም ፊቱን አጨማዶ ይውጠዋል።

ለመሆኑ ሠርቷል ወይ? ይህን የሚመረምር ሰው ሆስፒታል በተቅማጥ የተኙትን ሕፃናት ሰገራ ያስመረምራል፣ ሮታ ያለባቸውንና የሌለባቸውንም ይለያል፣ ከዚያም ከሁለቱ ወገን ማን እንደተከተበ ይጠይቃል። እናት «አስከትቤአለሁ» ትላለች፤ ግን የቱን፣ ስንቴ? ይኼኔ ነው ወደ መዝገቡ የሚኬደው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጣቷን ከላይ ወደ ታች እየሳበች ትፈልጋለች። የእስላሙ ልጅ በሰባተኛው ቀን ስም ወጥቶለታል፤ የክርስቲያኗ ሴት ልጅ ግን በ45 ቀኗ ክርስትና ለመነሳት 80 ቀኗ አልሞላም፣ የቤት ስሟም ገና አልተቆረጠም ይሆናል፤ ስለዚህ «ሚጣ» ተብላ ትጻፋለች። ዓመት ሲሆናት ወልድያ ሆስፒታል ብትተኛ ካርዷ ላይ ትርንጎ ሆና ትገኛለች። እንግዲህ በእናት ስም፣ በቀበሌና በጎጥ፣ በልደት ቀን እያመሳከሩ ካላገናኟት ተከትባ ሳለች ያልተከተበች ተብላ ትቆጠራለች፣ ጥናቱም ክትባቱን ያለ ጥፋቱ ያሳንሰዋል። እኔን ብትጠይቁኝ የምርምሩ ግማሽ ድካም ላብራቶሪ ሳይሆን እዚህ ነው።

ከዚያ ደግሞ ነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጣ። የሰሜኑ ጦርነት ወልድያና መርሳ ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ከረመ፣ ጤና ተቋማትም ተዘረፉ። መድኃኒትና ማቀዝቀዣ ይተካል፤ የጠፋ መዝገብ ግን ከእናቶች እጅ ካለው የክትባት ካርድ በቀር ምን ይመልሰዋል?

ስለዚህ እናቶች፣ ካርዱን በፌስታል ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፤ የልጁ ስም ሲወጣም ይዛችሁ ሂዱና መዝገቡ ላይ አስተካክሉት።