ንብረትን መከላከልና የደም ክቡርነት፦ ከጧኢፉ ጠብ እስከ ፊቅህ መጻሕፍት

በሙዓዊያ (ረ.ዐ.) ዘመነ መንግሥት በጧኢፍ አንድ የመስኖ ቦይ ደም ሊያፋስስ ተቃርቦ ነበር። የኸሊፋው ወንድምና አገረ ገዥ የነበረው ዐንበሳ ኢብን አቢ ሱፍያን ያስቆፈረው ቦይ ከዐምር ኢብን አል-ዓስ ቤተሰብ የግንብ አጥር ሲደርስ፣ ገዥው አጥሩን አፍርሶ ውኃውን ሊያሳልፍ ፈለገ። የዐምር ልጅ ዐብዱላህ (ረ.ዐ.) ከሰዎቻቸው ጋር ታጥቀው ወጡ። ኻሊድ ኢብን አል-ዓስ ሊመክሯቸው ቢሄዱ፣ ዐብዱላህ ገንዘቡን ሲከላከል የተገደለ ሰው ሸሂድ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደ ተናገሩ አስታወሷቸው። ንግግሩን ኢማም ሙስሊም በሶሒሓቸው፣ የቦዩን ታሪክ ኢብን ሐጀር በፈትሑል-ባሪ አስፍረውታል።

ይህ ሐዲስ ሌባን ስለ መግደል በተጠየቀ ቁጥር ይጠቀሳል። ይሁንና የሚገልጸው የተገደለውን ባለንብረት ማዕረግ ነው፤ ባለንብረቱ መቼ ሊገድል እንደሚችል በራሱ አይዘረዝርም። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ገንዘቡን ሊወስድበት ስለሚመጣ ሰው ለጠየቀው ግለሰብ የተሰጠው የመጀመሪያ መልስ እንዳይሰጠው ነው፤ መዋጋት የተፈቀደለት መጪው ሲዋጋው ነው። ነሳኢ በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ ተጠቂው አስቀድሞ አጥቂውን አላህን እንዲያስታውሰው፣ ቀጥሎ በአቅራቢያው ያሉትን ሙስሊሞች፣ ከዚያም ባለሥልጣኑን እንዲጠራ ታዟል። ውጊያው የመጨረሻው ደረጃ ነው።

ፉቀሃእ የ«ሷኢል»ን፣ ማለትም የአጥቂን፣ ሕግ የገነቡት በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ነው። በወሎ መድረሳዎች ሲቀራ የኖረው የኢማም ነወዊ (ሞት 676 ዓ.ሒ.) ሚንሃጅ መከላከል ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንዲሄድ ያዛል። በንግግር ወይም በጩኸት የሚመለስን መምታት ሐራም ነው፤ በእጅ የሚመለስን በጅራፍ፣ በጅራፍ የሚመለስን በዱላ መምታትም እንዲሁ። ገንዘብን መከላከል ይፈቀዳል እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ባለንብረቱ ነፍስ ከሚጠፋ ንብረቱን ቢተው አይወቀስም። ከማሊኪያ ዑለማእ አንዳንዶቹ እንደ ልብስና ምግብ ላለ ጥቂት ነገር መግደልን ከልክለዋል። ኢብን ቁዳማ (ሞት 620 ዓ.ሒ.) በሙግኒ እንዳሰፈሩት፣ ጀርባውን ሰጥቶ የሸሸን ሌባ ተከታትሎ መግደል አይቻልም። ገዳዩ «ሊዘርፈኝ መጥቶ ነው» ቢል ያለማስረጃ አይታመንም፤ የሟቹ ወራሾች ካላመኑለት ቂሷስ ይጠብቀዋል።

ዐብዱላህ ከግንባቸው ሥር የቆሙት በግልጽ ከመጣ ባለሥልጣን ፊት ነበር፤ የሸሸን ሰው አላሳደዱም። ስለዚህ ሐዲሱን ከሚንበር ወይም ከቂርአት ወንበር የሚያነሣ ሰው ቅደም ተከተሉንም አብሮ ማንሣት ይገባዋል። ግማሹን ብቻ የሰማ አድማጭ የሸሂድነትን ተስፋ ለግድያ ፈቃድ ሊወስደው ይችላል።